ሁለት ሰው ያረዳት ዶሮ

በእኛ ቤት ዶሮ የሚያርደው ሰው የሚመጣው ከጫግኒ ነው። ዶሮዋ እዚሁ እንጅባራ ጓሯችን ውስጥ ናት፤ ቢላዋም እዚሁ ነው፤ እናቴና እኔም እዚሁ ነን። የሚያርደው ግን ወንድሜ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ጫግኒ እህል ይነግዳል። ስለዚህ አባታችን ከሞተ ወዲህ በየዓመት በዓሉ ዋዜማ አንድ ትልቅ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣና እጅጌውን ሰብስቦ «በስመ አብ» ብሎ አንዲት ዶሮ አርዶ እጁን ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ያለው ላባ መንጨት፣ መለብለብ፣ መገነጣጠል፣ በሎሚ ማጠብ፣ ሽንኩርት መክተፍና በጭስ ሲያለቅሱ መዋል የእኛ ነው። ወንድሜ ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ደከመኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ መንገዱ ያደክማል።

ሴት አታርድም። ለምን እንደማታርድ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። አባቴ «እጇ አይጠናም» ይል ነበር፤ ይህን የሚለው ሚስቱ ጓሮ እንጨት ስትፈልጥ እያየ ነው። የመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው «ተጽፏል» አለኝ፤ የት እንደተጻፈ ብጠይቀው ቦታው ለጊዜው ጠፋበት፤ እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም። እናቴ ደግሞ «የምትወልድ ሴት እንዴት ነፍስ ታጠፋለች?» ትላለች። ይኸኛው መልስ ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ፣ ድንች የበላችባትን አይጥ በመጥረጊያ ስታጠፋ አይቻታለሁ።

ቅሬታ የለኝም። ማረድ አምሮኝ አያውቅም፤ ደም ማየት አልወድም። የፈለግሁት ምክንያቱን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ አያጣኝም። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥላሴን አያቸው ነበር፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጢማቸው ነጭ፣ ፊታቸው አንድ ዓይነት። ልጅ ሆኜ የሆነ ሰው ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች ይመስሉኝ ነበር። አባቴና እናቴ በተጣሉ ቁጥር እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ቤታችን ይመጡ ነበር፤ ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ እናቴ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ ጸሎት ስጸልይ ጉዳዩ አስቀድሞ እንደተወሰነብኝ እየተሰማኝ ነው ያደግሁት። በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ስገባ መምህራችን «እግዚአብሔር መንፈስ ነው፤ ወንድም ሴትም አይባልም» ብሎ አስተማረን። ደስ አለኝ። ከዚያ መምህሩ ወንዶቹን ከፊት፣ ሴቶቹን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርቱን ቀጠለ።

ዳንግላ አግብቼ ዳንግላ ፈትቼ ወደ እናቴ ቤት ስመለስ ይህን ጥያቄ ይዤው ተመለስኩ። ሌላ ብዙ ነገር ይዤ አልተመለስኩም።

የእናቴ ጉዳይ ግን ከእኔ ይከብዳል። እናቴ ሰባን አልፋለች። ሥጋ ወደሙ የተቀበለችው በልጅነቷ ነው። ከዚያ ለአባቴ ተዳረች፤ ጋብቻቸው እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልነበረም፤ ስለዚህ ከመቀበል ተቋረጠች። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሴ ቆማ፣ ሌላው ሲቀበል አይታ፣ ጠበሏን ጠጥታ ትመለሳለች። «እንቁረብ» ስትለው አባቴ «ይደርሳል፤ ስናረጅ» ይላት ነበር። አባቴ ሳያረጅ ሞተ። እናቴ ይህን ስታነሣ አታለቅስም፤ «ቀጠሮውን ያፈረሰው እሱ ነው» ብቻ ትላለች።

ከልቅሶው በኋላ ብቻዋን መዘጋጀት ጀመረች። የንስሐ አባቷ ከወንድሜ በዕድሜ ያንሳሉ። እሷ «አባቴ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «ልጄ» ይሏታል፤ ሁለቱም ሳይስቁ። ጾሟንና ጸሎቷን ሲከታተሉ ቆይተው ባለፈው ክረምት «እንግዲህ ለመስከረም ማርያም ትቀበያለሽ» አሏት። የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። አዲስ ነጠላ ገዛች፤ አጥባ፣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ በየቀኑ እያወጣች ታየዋለች።

የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ የሆነ ነገር እንዳታበላሽ። ከጎረቤት መጣላት አቆመች። ሰፈሩ የታመመች መስሎት ሊጠይቃት መጣ። እናቴ የምትጸልየው በአማርኛ ነው፤ የምትቆጣው ግን በአገውኛ ነው፣ በእናቷ ቋንቋ። በዚያ ክረምት ከቤታችን አገውኛ ጠፋ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዕለት ወንድሜ ደወለ። «መንገዱ ተዘግቷል» አለ። እናቴ «ዶሮዋስ?» አለችው። መልሱን ሳንሰማ ኔትወርኩ ሄደ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ወንድ የሌለበት ቤት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ወንድ ይጠብቃል። ዶሮዋን፣ ቢላዋንና ጃንጥላ ይዘን ወጣን። ዝናቡ አላቋረጠም ነበር። ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከሥሩ የነበሩት እናቴና ዶሮዋ ናቸው። የቀኝ ጎረቤታችን ለበዓሉ አዘና ከተማ ወላጆቹ ዘንድ ሄዷል። ከፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ ሙስሊም ነው። እሱ ቢያርድልን ደስ ባለው፤ ግን አንበላውም፤ እንደማንበላውም ያውቃል። ምን ልርዳችሁ ብሎ ተጨንቆ ተጨንቆ ቢላዋውን ተቀብሎ ስሎ ሰጠን። አንድ ባለ ባጃጅ ስናስቆመው ቆመ፤ ዶሮዋን ሲያይ «ኮንትራት ይዣለሁ፣ እማማ» ብሎ ነዳው። ውስጡ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዓይናችን መንገዱ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ላይ አረፈ። ወንድሜን ጫግኒ ያስቀረው መንገድ ይህን ሹፌር ደግሞ እኛ በር ላይ አስቀርቶታል። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ጫት ሳይሆን ቆሎ ይቆረጥማል። ትከሻው መስኮቱን ይሞላዋል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። እናቴ አሻቅባ አየችው፤ ከሥላሴ ሥዕል የወረደ ይመስል ነበር።

«ልጄ፣ ክርስቲያን ነህ?» አለችው።

ሰውየው ደነገጠ። በዚህ ዘመን መንገድ ላይ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቀስ ብሎ ኮሌታውን ገለጠና ማተቡን አሳየን።

«እሰይ። እንግዲያው ውረድና እቺን እረድልን።»

«እኔ?» አለ። «እኔ እንኳ… ቤት የሚያርደው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እማማ።»

«ወንድ አይደለህም እንዴ?»

ስድብ አልነበረም፤ ማጣራት ነበር። ሰውየው ግን ሌላ ትርጉም ሰጠው መሰለኝ፣ ቆሎውን አስቀምጦ ወረደ።

ጓሮ ገባን። ክንፎቿን እንዴት በእግር እንደሚረግጥ እናቴ አሳየችው። አንገቷን እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው። ላባውን የቱ ጋ ገለል እንደሚያደርግ አሳየችው። ቢላዋውን በየት በኩል እንደሚያሳርፍ አሳየችው። ከዚያ ራሷ ማረድ ስለማትችል ወደ ኋላ ብላ ቆመች። ሹፌሩ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አለ፤ ድምፁ ያምር ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ቢላዋውን ሳብ አደረገ። ከዚያ የሞቀው ነገር እጁን ሲነካው እጁንም እግሩንም አንድ ላይ አነሣ።

ዶሮዋ ተነሣች። አንገቷ ግማሽ ተቆርጦ እየደማች ግቢውን ዞረች፤ የድንቹ መደብ ላይ ወጣች፤ ተመልሳ አጥር ለማደስ ያስቀመጥነው የቀርከሃ ክምር ሥር ገባች። ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ለምን እንዳላጠፍኩት አላውቅም። ከቀርከሃው ሥር የሚወጣው ድምፅ ግን ዛሬም ይሰማኛል። የዶሮ ድምፅ አይመስልም ነበር።

እናቴ በአገውኛ ጮኸች። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፤ የተወሰነው ለሹፌሩ፣ የተወሰነው ለወንድሜ፣ የተወሰነው ለሞተው አባቴ ነበር። ቀርከሃውን ፈንቅላ ዶሮዋን አወጣቻት፤ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለቻት በአማርኛ። ከመሬት ቢላዋውን አነሣች፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለች፤ ጨረሰችላት። እጇ ጠንቶ ነበር። ዶሮዋ ወዲያው ዐረፈች።

እናቴ እጇን አየች። «ምን አደረግሁ?» አለች። ኮራሁባት፤ ወዲያው ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነጠላ ትዝ አለኝ።

ሹፌሩ ቀና ብሎ «እኔ ነኝ ያረድኳት፣ እማማ። ማንም አላየም» አለ። ከልቡ ሊረዳን ፈልጎ ነው።

«እግዜር አይቷል» አለች እናቴ። ወዲያው ዞር ስትል ባለሱቁ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ነበር። «እሱም አይቷል» አለች።

ዶሮዋን ግን ሠራናት። እናቴ እንዲህ ተሠቃይታ የሞተችን ዶሮ መጣል ሌላ ኃጢአት ነው አለች። ሹፌሩም መንገዱ ስላልተከፈተ እንግዳችን ሆነ። በነጋታው ጠዋት ማዕድ ስናቀርብ እናቴ ፈረሰኛውን፣ የአባቴ የነበረውን ቁራጭ፣ ለእሱ አወጣችለት። ክንፉን እንደ ልማዷ ለራሷ አስቀረች። ሹፌሩ «እኔ ይህ ይገባኛል?» ብሎ ጠየቀ። «አይገባህም፤ ብላ» አለችው።

በልቶ እንደጨረሰ የንስሐ አባቷ ቤቱን ሊባርኩ ገቡ። ጠበል ረጩ፤ መስቀል አሳለሙን፤ «እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ፣ ልጄ» አሏት። ከመሶቡ ፊት ተቀመጡ። እናቴ ውኃ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ወጡን አይተው «ልጅሽ ደረሰ ማለት ነው! ተመስገን» አሉና ጠቅልለው አነሡ።

እናቴ ማሰሮዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። «አባቴ፣ ይቆዩ» አለች።

ጉርሻው አፋቸው ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ልጄ አልደረሰም።»

«እኔ ነኝ ያረድኩት፣ አባቴ» አለ ሹፌሩ ቶሎ ብሎ።

«ጀመራት» አለች እናቴ። «የጨረስኳት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከመንገዱ መዘጋት እስከ ቀርከሃው። አንድም ነገር አላስቀረችም፤ አገውኛውን እንኳ። የንስሐ አባቷ ጉርሻውን ይዘው ሰሙ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ስመ ሥላሴን ማን ጠራ?» አሉ።

«ሁለታችንም።»

«ዶሮዋ የሞተችው በየትኛው ነው?»

«በሁለተኛው።»

ጉርሻውን ቀስ ብለው መሶቡ ጠርዝ ላይ መለሱት። ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ያለውን የተጋጠ አጥንት አየ፤ መልሶ እሳቸውን አየ። እሳቸውም አጥንቱን አዩ። ለእሳቸው ሽሮ ተሠራ። በእንቁጣጣሽ ቀን ቄስ ሽሮ ሲበሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሲወጡ እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «ቁርባኔስ፣ አባቴ?» አለች። «የደብሩን መምህር ልጠይቅ። እናያለን፣ ልጄ» አሏት። ተመልሳ መደብ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። አባቴ ከተቀበረበት ቀን ወዲህ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። ሹፌሩም አለቀሰ። መንገዱ በማግስቱ ሲከፈት የእናቴን ጉልበት ስሞ፣ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶን ሄደ።

ወጡን ጨረስነው። መናገሩ ደስ ባይልም በጣም ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው የማውቀው እኔ ነኝ። ቢሮ ተቀምጬ በማላውቃቸው መምህር እናደዳለሁ። እኒህ መምህር እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ነገር ይዘው አንዲት ዶሮ በስንት እጅ እንደሞተች ያመዛዝናሉ። የተማርኩትን ሁሉ፣ የሰማሁትን ስብከት ሁሉ በልቤ እየመለስኩ ክርክር አዘጋጅ ነበር። እንዲህ ሳደርግ ነው አንድ ዘወትር የምሰማው ነገር ያቆመኝ። ጌታ ያችን የማትሰማ ከተማ አይቶ ሲያዝን ልጆቿን ምን ያህል ጊዜ ሊሰበስብ እንደፈለገ የተናገረው ራሱን ከዶሮ ጋር አመሳስሎ ነው። ጫጩቶቿን ከክንፎቿ ሥር ከምትሰበስብ ዶሮ ጋር። አንበሳ ሊል ይችል ነበር፤ ሌላ ቦታ ተብሏል። ንስር ሊል ይችል ነበር። ቢያንስ አውራ ዶሮ ማለት ይችል ነበር፤ የሚጮኸውና ደረቱን የሚነፋው እሱ ነው። ግን ያዘነ ጊዜ የመረጠው እናቲቱን ነው።

ያችኑ የታረደችውን ዶሮ ስትፈለፍል አይቻታለሁ። ጭልፊት ሲያንዣብብ አትጮህም፣ አትዋጋም፤ ዝቅ ብላ ትዘረጋለች፤ ጫጩቶቹ ሁሉ ገብተው እስኪያልቁ አትነቃነቅም። መጀመሪያ ጭልፊቱ የሚያገኘው የእሷን ጀርባ ነው። ይህን እያወቀ ነው እንግዲህ የመረጣት። ስብከቱን በሰማሁበት ዘመን ሁሉ ሰባኪዎቹ ይህን ቦታ ቶሎ ብለው ያልፉታል፤ ስለ ከተማዋ መፍረስ ሲሆን ይቆያሉ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ክርክሩን ለመምህሩ እንድትወስደው ፈልጌ ነበር። እሷ ድንች ትልጥ ነበር።

«እሱስ ልክ ብሏል» አለች። «ዶሮ እንዲያ ናት።»

«ታዲያ እግዜር ወንድ ነው?» አልኳት።

ልጣጩን እየጣለች አሰበች። «ወንድ ቢሆን ኖሮ ይኼን ሁሉ ዘመን ይጠብቀኝ ነበር?» አለች።

የመምህሩ ውሳኔ የመጣው ለማርያም በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሴት እንዳታርድ የሚከለክል ጽሑፍ ለጊዜው አላገኙም። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው፤ የደፈረችውም ለቁርባን እየተዘጋጀች ነው፤ ስለዚህ ቀኖና ትቀበል፣ ስግደቱን ከፈጸመች የንስሐ አባቷ አይተው ይወስኑ። ስግደቱ ለወጣት ጉልበት የሚሆን ነበር። ሹፌሩስ ብላ ስትጠይቅ እሱም ድርሻ አለው ተባለ። ደወልንለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ግማሹ የአንተ ነው፣ ልጄ» ብላ ድርሻውን ነገረችው። «እሺ እማማ» አለ። በኋላ እንደነገረን መኪናውን እያቆመ ጎማው ሥር ሰግዷል፤ ሌሎች ሹፌሮች የተበላሸበት መስሏቸው እየቆሙ መፍቻ ሰጥተውታል።

እናቴ ቤት ውስጥ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ በየቀኑ ወደቀች ተነሣች። ጉልበቷ ያብጥ ጀመር። ማታ ማታ ቅቤ ስቀባላት ንዴቴን መያዝ አቃተኝ።

«አትስገጂ» አልኳት። «ምን አጠፋሽ? የቆሰለች ዶሮ ማሳረፍ ነው ጥፋቱ? እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ላበላሸው አንቺ ትወድቂያለሽ። ይቅርብሽ። እንዲህ ከሆነ እኔም እዚያ ደጅ አልደርስም።»

አስጨረሰችኝ። ከዚያ ጉልበቷን ወደ እኔ እየገፋች «አንቺ የምትጣዪው ከቄሶቹ ነው» አለች። «እኔ የምፈልገው ጌታን ነው። እነሱ መንገዱ ላይ ቆመዋል፤ አዎ፣ ቆመዋል። ሰው መንገድ ላይ ቆመ ተብሎ እንግዲህ መንገድ ይቀራል? አሳልፉኝ እያልሁ አልፋለሁ።» ሌላውን እግሯን ዘርግታ «ያኛውንም ጉልበት ቅቢው» አለችኝ። ቀባሁላት። አልተስማማሁም፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም።

የማርያም ዕለት ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። እስከ በሩ። የወር አበባዬ በዋዜማው መጥቶ ነበር፤ ቀን መምረጥ ያውቅበታል። እንዲህ በሆነች ጊዜ ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ከግንቡ ውጭ ሁልጊዜ ጥቂት ሴቶች ቆመን እንገኛለን፤ ለምን እንደቆምን የሚጠይቀን የለም፤ ሁሉም ያውቃል። እናቴ አዲሱን ነጠላ ለብሳ፣ ከትናንት ቀትር ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ፣ እያነከሰች ብቻዋን ገባች። የንስሐ አባቷ ይፍቀዱላት አይፍቀዱላት የመጨረሻውን ቃል ገና አልሰማችም ነበር።

ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። የሚታይ ነገር ግን የለም፤ ግንቡ ከፍ ያለ ነው። የመቀበያው ሰዓት ሲደርስ ወደ ግንቡ ተጠጋሁ። ሕዝቡ መካከል «አንቺ ተመለሽ» ቢሏትስ? እንዲህ ተብላ ከተመለሰች እንደማትተርፍ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሕፃናቱ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ወንዶቹ፤ ከዚያ ሴቶቹ። ግንቡ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ጌታን «አንተ» ብቻ አልኩት። ድንጋዩ ከጤዛው የተነሣ እርጥብ ነበር።

የቆረበ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ነው የሚወጣው፤ አይናገርም። እኔ የምጠብቀው ይህን ነበር። ሰው መውጣት ጀመረ። አፋቸው የተሸፈነ አሮጊቶች ወጡ፤ እናቴ የለችም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ። አፋቸው ያልተሸፈነ ብዙ ሰዎች ወጡ፤ በእያንዳንዷ ነጭ ነጠላ አንገቴን አሰግጋለሁ። ግቢው ባዶ ሊሆን ሲቃረብ አንዲት ሴት ከበሩ ብቅ አለች፤ በጣም በዝግታ፣ ግንቡን በእጇ እየዳሰሰች። አፏ ተሸፍኗል። ከነጠላው በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ፤ የእናቴ ናቸው፤ ግን እንዲህ ያሉ ዓይኖች ኖረዋት አያውቁም።

ወደ እኔ ስትመጣ ሳላስበው ወደ ኋላ አልኩ። እሷ የተቀበለችውን ይዛለች፤ እኔ ደግሞ ለምን ውጭ እንደቆምኩ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ቀን የቆረበን ሰው መንካት እንደማይገባ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። እሷ ግን አልቆመችም። መጥታ ክንዴን ያዘች፤ ጉልበቷ አልሸከም ብሏት ነበርና ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» አልኳት።

አትመልስም። ክንዴን ጠበቅ አደረገችው።

ጭቃውን እየመረጥን ቁልቁለቱን ወረድን። ባጃጆች ቆም እያሉ አለፉን፤ በእጇ ሂዱ አለቻቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ነው የገባኝ። እኔ ወደ ጌታ መግባት አልተፈቀደልኝም ነበር። እሱ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ በእናቴ ውስጥ ሆኖ በዚያው በር ወጥቶ፣ ክንዴን ተደግፎ ወደ ቤታችን እየሄደ ነው። ከባድ ነበር። እንዳይወድቅብኝ ተጠንቅቄ ይዤው ሄድኩ።